በጨፌው ላይ የቆፈርኩት ጉድጓድ

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የቤት ንድፍ የምታወጣ ናት። ዕድሜዋ ከመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ አይበልጥም። እኛ አገር ዙሪያ ውሃ ላይ የቱሪስት ማረፊያ ሊሠራ መሆኑን ነገረችኝ።

«ማኅበረሰቡን ማዕከል ያደረገ ግንባታ ነው፣ እማማ» አለችኝ። «ድንጋዩም የእናንተ፣ ጥበቡም የእናንተ፣ ሐሳቡም የእናንተ ነው። ትናንት ሽማግሌዎቹን ሰብስበን አወያይተናል።»

«ምን አሉሽ?»

«ሁሉም እሺ አሉ። አንድም የተቃወመ ሰው የለም።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልጅቱም ደስ ያለኝ መስሏት አብራኝ ሳቀች። የሳቅሁት በእሷ አልነበረም። አገሬ እሺ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። አንድ ዘመን መንደራችን በሙሉ እሺ ብሎ፣ በእሺታው ተሰልፎ ገደል ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም በሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። እሱን ልጻፍላችሁ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ እለፉኝ፤ ነገሬ ግን አይንጋደድም።

ዙሪያ ውሃ ከጎረቤላ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት፣ በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ቁራሽ መሬት ናት። በበጋ ወንዞቹን ልጅ ይዘላቸዋል። ሐምሌ ሲገባ ግን ሁለቱም ሞልተው ከታች ይገናኛሉ፤ ያኔ እኛ ደሴት እንሆናለን። የሞተ እንኳ ወንዙ እስኪጎድል እዚያው ይጠብቃል። የላይኛው ክፍሏ አለት ነው። የታችኛው ጨፌ ነው፤ ረግረግ ያለ፣ ሣሩ እስከ ወገብ የሚደርስ።

ቤታችን ሁሉ አለቱ ላይ ነበር፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ እንደ ተበተነ ባቄላ። እንግዳ ሲያየን ሥርዓት የሌለን እንመስለዋለን። ሥርዓት ግን ነበረን። ከላይ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ከታች ያለውን ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ የጣራውና የደጁ ውሃ የሚወርደው ወደዚያ ነዋ። የታችኛው ካልፈቀደ የላይኛው አይሠራም። ከፈቀደ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር የታችኛውን ቦይ የሚጠርገው የላይኛው ነው። ጨፌውም የራሱ ሕግ ነበረው። ሣሩን ሁላችንም በተራ እናጭዳለን እንጂ ማንም ችካል አይተክልበትም፣ ጉድጓድም አይቆፍርበትም። ላም እንኳ የምትታሰረው በድንጋይ ነው። «ጨፌ ቆዳው ነው የያዘው» ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ቆዳውን ከበሳኸው ሌላ የሚይዘው የለም ማለታቸው ነው።

እኔ ያን ጊዜ አርባ ያልሞላኝ ሴት ነበርኩ። ባሌ በሚሊሺያ ዘምቶ በዚያው ቀረ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ። ሰዉ «አስካለ ሚዛን» ይለኝ ነበር። በዓል ደርሶ የቅርጫ ሥጋ ሲመደብ «አስካለ ትየው» ይባላል፤ አንዱ መደብ ካነሰ ስለምጮህ ነው። በስሙ እኮራበት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ከታች ያለችው ጎረቤቴ ዘሀራ ነበረች። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ወደ ቆላ ወርዶ ወር ሁለት ወር ይቆያል። እሷ ከእናቷ ከእማ ፋጡማ ጋር ትኖራለች። እማ ፋጡማ ዳሌያቸው ተሰብሮ አይራመዱም፤ ምላሳቸው ግን እንደ ፈረስ ይጋልባል። የእኔ ውሃ የሚወርደው ወደ ዘሀራ ነውና ቦይዋን በየክረምቱ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። እህቴ ነበረች ብል ከእውነቱ አላለፍኩም።

የመንደር ምስረታ አዋጅ ሲመጣ አንድ ካድሬ ላኩልን። ጓድ መስፍን ይባላል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማው የከተማ ነው፤ በእኛ አለት ላይ ትናንት እንደ ተወለደ ግልገል ያንሸራትተዋል። የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዞ መጣ። ከወረቀቱ ላይ ጨፌው ነጭ ሆኖ፣ በነጩ ላይ ቤቶች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል።

«ተበታትኖ መኖር የኋላ ቀርነት ምልክት ነው» አለ። «ከክረምቱ በፊት ሁሉም ቤቱን አፍርሶ በዚህ ሜዳ ላይ በረድፍ ይሠራል። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መብራት ይመጣላችኋል። ጥያቄ አለ?»

ማንም ጥያቄ የለውም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ወልዴ አጨበጨበ፤ ሰዉ ተከተለው። በአገሩ ቤት ሁሉ ላይ እጁ ያለበት ጋሼ ደስታ አናጢውም አጨበጨቡ። ጨፌ ላይ ቤት እንደማይቆም ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ከስብሰባው ስንወጣ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ ደስታ፣ እዚያ ላይ ቤት ይቆማል?»

«በምን ይቆማል? በእግዜር ትከሻ?»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉ?»

«እሺ ይበልጣል ከሺ፣ አስካለ። እሺ ብለን እንቆያለን። እሱም ይደክመዋል፣ ይቀየራል። ስንቱን በእሺ ሸኘነው።»

ሁሉም እንዲሁ ያስብ ነበር። ሁሉም እሺ ያለው ሌላው እንቢ ይላል ብሎ ነው። ይኼ የእኛ የዙሪያ ውሃዎች ጥበብ ነው፤ ጥበብ ከተባለ። ጓድ መስፍን ግን አልደከመውም። ገመድ ዘረጋ፤ በገመዱ ላይ ችካል አስመታ። ችካል የማያውቀው ጨፌ በአንድ ሳምንት ጃርት መሰለ። እሺ ያሉት ሽማግሌዎችም ችካሉን ሲመቱ ዋሉ።

ከዚያ የቦታ ድልድል ቀን ደረሰ። ረድፉ ከአለቱ ሥር ጀምሮ እስከ ወንዙ አፋፍ ይወርዳል። ከላይ ያሉት ችካሎች ደህና ናቸው፤ ሥራቸው አለት አለ። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር መሬቱ ከእግርህ በታች እንደ እርጎ ይንቀጠቀጣል። አቶ ወልዴ ወረቀት ይዞ ከፊታችን ቆመ።

«ድልድሉ በዕጣ ነው» አለ። ወዲያው ግን ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። «አንደኛ ችካል፣ ወልዴ። ሁለተኛ ችካል...»

«ዕጣው የት ወደቀ?» አልኩ።

«ተጥሏል። ኮሚቴው ጥሎታል።»

ሄጄ ወረቀቱን ከእጁ አየሁት። እሱ አንባቢ መሆኔን ረስቶታል። ማንበብ ያስተማረኝ መንግሥት ነው፤ ባነበብኩ ጊዜ ሁሉ የሚቆጣኝም እሱው ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አንደኛ ወልዴ፤ ሁለተኛ የወልዴ ወንድም፤ ሦስተኛ የወልዴ አማች። ከመጨረሻው ችካል ላይ፣ ከወንዙ አፋፍ፣ የእኔ ስም ነበር።

«ይኼ ዕጣ የዘር ሐረግ ይቆጥራል እንዴ?» ስል ሰዉ ሳቀ። ጓድ መስፍን ፊቱ ቀላ።

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አለኝ።

«እንደ ወጋችን ይጣል።»

ወጋችን እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ ጠጠርም ይሁን ጭራሮ፣ ያገኘውን። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተቀብሎ በየቦታው ላይ ያስቀምጣል። ዕጣ አንዴ ከወደቀ አይለወጥም፤ ከፈጣሪ ነው ይባላል። ከመካከላችን ምልክቶቹን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ካድሬው ነው። ጋሼ ደስታ ሚስማር ሰጡ። አቶ ወልዴ እያጉረመረመ የብዕር ክዳን ሰጠ። እኔ ቀይ የቀሚስ ቁልፍ፣ ዘሀራ የተሰበረ እንዝርት ሰጠን። ጓድ መስፍን ሁሉንም በባርኔጣው ይዞ ረድፉን እየወረደ ከየችካሉ ሥር አንድ አንድ አስቀመጠ። እኔ እንደ ድል አድራጊ ከኋላው እከተል ነበር።

ቀዩ ቁልፍ ሦስተኛው ችካል ላይ ወደቀ። የብዕር ክዳኑ መካከል ላይ ወደቀ፤ ሰዉ እልል አለ። ባርኔጣው ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ምልክት የተሰበረችው እንዝርት ነበረች። ጓድ መስፍን ከወንዙ አፋፍ፣ ከመጨረሻው ችካል ሥር አኖራት።

ዘሀራ ወደ ችካሉ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ አየች። በወልዴ ወረቀት ላይ እሷ መካከል ነበረች።

«ደስ ይበልሽ አስካለዬ» አለችኝ። «ሚዛንሽ ሠራ።»

«ዘሀራ፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ ምን አደረግሽ? አላህ የጻፈው ነው። እናቴን ተሸክሜ ውሃ ላይ እተኛለሁ።»

ሮጬ ጓድ መስፍንን ያዝኩት። «እኔና እሷ እንለዋወጥ። ሦስተኛውን ለእሷ ስጥ፣ የመጨረሻውን እኔ እወስዳለሁ።»

«አይሆንም፣ ጓድ አስካለ። ፍትሐዊ ይሁን ብለሽ ሕዝቡን ያነሳሳሽው አንቺ ነሽ። በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥኩት።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። ለካድሬ ሁሉ እሺ የሚሉት ሰዎች ለእኔ እንቢ አሉኝ። «ዕጣ አይለወጥም» አሉ በአንድ አፍ። «ወጉን አንቺው አልጠራሽውም?»

እንግዲህ ፍርዱን እዩት። ወልዴ ሌባ ነበር፤ ሌብነቱ ግን ግልጽ ነው። ሰው ሁሉ በሆዱ ይጠላው ነበር። እኔ ያንን የተጠላ ድልድል ወስጄ አጠብኩለት፣ አጠራሁለት፣ በወግ አለበስኩለት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጨፌው ያጉረመረመ ሰው የለም፤ በዕጣ ደርሶታላ። እኔ የጮህኩት ክፉው እኩል እንዲዳረስ ነበር። ክፉ መሆኑን ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰዉ ለደቦ ሲሰበሰብ ዶማዬን ይዤ ወረድኩ። ጋሼ ደስታ ቤት ከመሥራታቸው በፊት መሬት የሚፈትኑበት መንገድ ነበራቸው። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ከዚያ ያንኑ አፈር መልሰው ይሞሉታል። አፈሩ ሞልቶ ከተረፈ መሬቱ ጠግቧል ይባላል፤ ቤት ይችላል። አፈሩ ካነሰ መሬቱ ርቦታል። የራበው መሬት ቤት ይበላል። ጨፌ ላይ ችካል አይመታም፣ ጉድጓድም አይቆፈርም ያልኳችሁን አልረሳሁትም። አንድ ጉድጓድ ነው፣ ለዘሀራ ነው ብዬ ከመጨረሻው ችካል ሥር ቆፈርኩ።

አፈሩ ጥቁርና ቀላል ነበር። መልሼ ሞላሁት፤ ጉድጓዱ ስንዝር ያህል ጎደለ። ከሥሩ ውሃ እያነባ ወጣ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አቶ ወልዴ ከላይ ጮኸ። «ጓድ መስፍን! ይቺ ሴት ጥንቆላ ጀምራለች!»

ጓድ መስፍን መጣ። ምን እንደሆነ ነገርኩት።

«ይኼ ሳይንስ አይደለም» አለ።

«አይሁን። ከላይ፣ ጽሕፈት ቤትህን የምትሠራበት አለት ሥር ራስህ ቆፍር። ከዚያ እዚህ መጥተህ ቆፍር። እኔን አትመን፤ እጅህን እመን። እንቢ ካልክ ግን አልጋህን ከዘሀራ አልጋ ጎን አድርግ።»

ሰዉ ሳቀ። ይህ ነው ያስቆፈረው፤ ሳቅ። ካድሬ ስድብ ይችላል፣ ሳቅ አይችልም። ዶማውን ነጥቆኝ ወደ ላይ ወጣ። አፈሩን ሲመልስ ሞልቶ ተረፈ፤ በጫማው እየረገጠ እንኳ ተረፈ። ወደ ታች ወርዶ ከእኔ ጉድጓድ አጠገብ ቆፈረ። ጎደለ። ውሃው ጫማው ውስጥ ገባ። ቀና ብሎ ጋሼ ደስታን አያቸው።

«እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አዎን፣ ጓድ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጥያቄ አለ ወይ አሉን እንጂ መልስ አላችሁ ወይ አላሉንም።»

ጫማውን አውልቆ ውሃውን ደፋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወረቀቱ ከላይ ተፈርሞ ነው የመጣው» አለ። «ረድፉ ከታጠፈ የምታሰረው እኔ ነኝ።» ያን ጊዜ ነው ልጅ መሆኑን ያየሁት። እሱም እንደኛው ከበላዩ ላሉት እሺ ብሎ ነው የመጣው።

አሁን እንቢ ማለት ነበረብን። ሁሉም ነገር በእጃችን ነበር፤ ጉድጓዱም፣ ምስክሩም፣ የፈራው ካድሬም። ጋሼ ደስታ ግን የእሺን ልጅ ወለዱ። «ለዓይን እንሥራው» አሉ። «ምሰሶውን እንትከል፣ ግድግዳውን እንማግር፣ ጣራውን ሣር እናልብሰው። እኛ ግን አሮጌው ቤታችን ውስጥ እንኑር። አለቱ ከጉብታው ጀርባ ነው፤ ከወንዙ ማዶ አይታይም።»

ሁሉም እሺ አለ። ካድሬው እሺ አለ። ወልዴ እሺ አለ። እኔም፣ ዘሀራ ከነእናቷ አለቷ ላይ እስከኖረች ምን ቸገረኝ ብዬ፣ እሺ አልኩ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰው የማይኖርበት ያማረ ረድፍ ቆመ። ለያንዳንዱ ጎጆ ዙሪያውን ጉድጓድ ቆፍረን ቋሚ ተከልን። የጨፌው ቆዳ እንደ ወንፊት ተበሳ።

ሐምሌ ገባ። ወንዞቹ ሞሉ። አንድ ቀን ጓድ መስፍን ከወንዙ ማዶ ጮኸው የነገሩትን ይዞ እየሮጠ መጣ። ትልልቅ ሰዎች ከላይ ሊጎበኙን ነው፤ ወንዙን መሻገር ስለማይችሉ ከማዶ መንገዱ ላይ ሆነው በመነጽር ያዩናል።

«ጭስ ማየት ይፈልጋሉ» አለ። «ጭስ የሌለው ቤት ሰው የሌለው ይመስላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከነሙሉ ሰዉ በየጎጆው ደጅ ይቁም። ውስጥ እሳት ይንደድ።»

«እማ ፋጡማ አይራመዱም» አልኩት።

«ኮሚቴው የቤተሰቡን ብዛት አስቀድሞ ልኳል» አለ ወልዴ ከጎኑ። «አንድ ሰው ቢጎድል ይጠየቃል።»

እሺ ተባለ። ዘሀራ እናቷን ተሸክማ ወረደች።

ቀኑ ጉም ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ማዶ መኪኖች ታዩ። ጓድ መስፍን ረድፉን ቀጥ ለማድረግ ከአንደኛው ችካል እስከ መጨረሻው ገመዱን ድጋሚ ዘርግቶት ነበር፤ እኛ በገመዱ ልክ ቆመናል። እኔ ሦስተኛው ጎጆ ፊት ከልጆቼ ጋር ነኝ። ታች፣ ወንዙ አፋፍ፣ እማ ፋጡማ ደጅ ላይ በአጎዛ ተቀምጠዋል፤ ዘሀራ ውስጥ ሆና እርጥብ እንጨት ታፋፍማለች። መፈክር አሰማን። ግራ እጃችንን አነሳን። ማዶ ያሉት አጨበጨቡ።

ዓይኔ ገመዱ ላይ ነበር። ገመዱ ላልቶ ነበር፣ ዝናቡ አርሶት። ሳየው ጠበቀ። ማንም አልነካውም። ደግሞ ጠበቀ፤ እንደ ክራር ክር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተወጠረ። የላይኛው ችካል ከአለቱ ሥር ነው፣ አይሄድም። እንግዲያው የሚሄደው የታችኛው ነው። ወደ ታች ተመለከትኩ። የእኔ ጉድጓድ በነበረበት ቦታ ጭቃ ውሃ ይፈላል። ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ልጆቼን ወደ አለቱ ገፍቼ ወደ ታች ሮጥኩ።

«ከሰልፍ ማንም አይውጣ!» ወልዴ ጮኸ።

«መሬቱ እየሄደ ነው! ውጡ!» እያልኩ በሰዉ ፊት አለፍኩ። ሰዉ እኔን አየ፤ ወልዴን አየ፤ ማዶውን አየ። ከገመዱ ማዶ እግሩን ያወጣ የለም። ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቋል፤ እነሱ ግን ገና በልኩ ቆመዋል።

ዘሀራ ከጎጆዋ አንገቷን ብቅ አደረገች፤ ዓይኗ በጭስ ቀልቷል። «ምነው? ጭሱ አነሰ አሉ እንዴ? እንጨቱ አልያያዝ አለኝ እኮ!»

«ተይው እሳቱን! እግራቸውን ያዢ!» እማ ፋጡማን በብብታቸው ይዤ አነሳኋቸው።

«ቀስ በይ አንቺ የአማራ ልጅ» አሉኝ፤ «አጥንቴ ነው የተሰበረ እንጂ ገና አልሞትኩም።»

ከእግራችን ሥር ሣሩ ከንፈር ሲከፍት አየሁ። ጭቃው እግሬን ያዘኝ። ዘሀራ ወደቀች። በዚያ ቅጽበት አንድ ሰው ከጎኔ ገብቶ አሮጊቷን ተቀበለኝ። ጓድ መስፍን ነበር። አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። አብረን እየጎተትን ወጣን። ያኔ ጋሼ ደስታ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሁሉንም በእሺ የሸኙት ሰው፣ የያዙትን ባንዲራ ጥለው በሙሉ ድምፃቸው «እንቢ በሉ! ሽሹ!» ብለው ጮኹ። ሰዉ ፈቃድ ሲጠብቅ ኖሯል፤ በአንዴ ወደ አለቱ ፈሰሰ።

ማዶ ያሉት የበለጠ አጨበጨቡ። ሕዝቡ በደስታ እየሮጠ ነው የመሰላቸው።

ከዚያ ጨፌው ሄደ። በጩኸት አልሄደም። እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ጎጆዎቹ ረድፋቸውን ሳያበላሹ፣ ጣራቸው እየጨሰ፣ ወደ ወንዙ ወረዱ። ማዶ ጭብጨባው ቆመ። ሰው አልሞተም። አለቱ ላይ ቆመን ሣራችንን፣ የላሞቻችንን ክረምት፣ የአባቶቻችንን ጨፌ ወንዙ ሲበላው አየን። እማ ፋጡማ ብቻ ተናገሩ። «እሰይ፣ አሁን መብራት ይመጣል» አሉ።

ወንዙ ሲጎድል ወረቀት መጣ። «በድንገተኛ የተፈጥሮ ጎርፍ ምክንያት» ይላል፤ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ሕዝቡ በፊርማው ያረጋግጣል። ወልዴ አነበበ፤ ሰዉ ተራ ይዞ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ጓድ መስፍን ጥግ ላይ ቆሟል፤ ወደ ሌላ ቦታ ተቀይሮ ሊሄድ ነው። የእኔ ተራ ደረሰ።

«ጣትሽን» አለኝ ወልዴ።

«እኔ ብዕር እችላለሁ።»

መጀመሪያ በልቤ ያሰብኩት የወልዴንና የካድሬውን ስም ለመጻፍ ነበር። ብዕሩን ስይዝ ግን ያ «ሚዛን» የተባልኩበት ነገር ያዘኝ። ሚዛን ከሆንኩ እኔም እመዘናለሁ። ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጎርፍ አይደለም። ጨፌው የተበሳ ነው። የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሌላውን ሁላችንም ነን፤ እያወቅን።»

ወልዴ አንብቦ ወረቀቱ ተበላሸ ብሎ ጮኸ። ጎረቤላ ወስደው አሰሩኝ። የጠየቀኝ መርማሪ የትኛው ወንጀል እንደሆነ አላወቀም። ራስን መክሰስ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሂጂ፣ ሁለተኛ እንዳትጽፊ» ብሎ ለቀቀኝ። ዘሀራ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ይዛ፣ በየሁለት ቀኑ ዳገቱን እየወጣች ስንቅ ታደርስልኝ ነበር። ስፈታ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስለ ዕጣው አንድም ቃል ሳትናገር «ቦይዬ ተደፍኗል፤ መቼ ነው የምትጠርጊልኝ?» አለችኝ። ይቅርታዋ እሱ ነበር።

እናንተ አንባቢዎች፣ እኔን ጀግና ያደረገ ሰው ካለ አላነበበኝም። አሮጊት ተሸክሜ መሮጤ ጀግንነት አይደለም፤ እዚያ እንዲቀመጡ ያደረግኋቸው እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለወጠብኝ። ሰው «ለሁሉም እኩል ነው» ሲለኝ ቀድሞ ልቤ ይረካ ነበር። አሁን፣ ምኑ ነው እኩል የሆነው? እላለሁ። መርዝም እኩል ይቀዳል። ድርሻህ ለምን አነሰ ብለህ ከመጮህህ በፊት የሚከፋፈለውን ነገር እየው። አገሬ ሲያጨበጭብ ደግሞ እጁን ሳይሆን እግሩን እዩ፤ የት ነው የቆመው? ጨፌው እስከ ዛሬ አልዳነም። ሲታይ ቀይ ቁስል ነው፤ በዳርና ዳር ትንሽ ሣር ይዞ ቀርቷል። ልጅቱ ማረፊያውን ልትሠራ ያሰበችው እዚያ ቀሪ ሣር ላይ ነው፤ ወንዙን ለማየት ያምራል አለች።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዶማዬንም ሰጠኋት።

በማግስቱ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ መጣች። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ሞላ ወይስ ጎደለ?» አልኳት።

«ጎደለ።» ከሱሪዋ ጭቃውን እያራገፈች «ግን እማማ፣ ዲዛይኑ ጸድቋል» አለች።

«የዛሬዎቹም ጫማቸው ይለያል እንጂ ወረቀታቸው ያው ነው» አልኩ በልቤ። በአፌ ግን ሌላ ነገር ጠየቅኋት።

«ጉድጓዱን ምን አደረግሽው?»

«እንዲያዩት ብዬ ክፍቱን ተውኩት።»

ብድግ አልኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ትከሻዋን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጉድጓዷን በእጃችን ደፈንን፤ የጎደለውን ከአለቱ ሥር አፈር አምጥተን ሞላን፤ የነቀለችውን ሣር ከነሥሩ መልሳ እንድትተክለው አደረግኋት። ስትረግጠው ቆሜ አየሁ።

«አሁን ሂጂና እንቢ በያቸው» አልኳት። «እሺ የሚሉሽን ሽማግሌዎች ለእኔ ተያቸው።»